የአንዲት «ሳ» ጣጣ

በእኔና በባለቤቴ መካከል አራት ወር የፈጀው ጭቅጭቅ በአንዲት ፊደል ላይ ነበር። እኔ ባኞውን «ላድሰው» እላለሁ፤ እሷ «እናሳድሰው» ትላለች። ልዩነታችን መሐል የገባችው «ሳ» ብቻ ናት። በወረቀት ላይ ሲያዩዋት ቦታ እንኳ አትይዝም፤ ስትመነዘር ግን 525 ዶላር ወጣች።

እኛ ሐበሾች ለዚህች «ሳ» ብዙም ክብር የለንም። ሱፍ ስናሰፋ «አሰፋሁ» እንላለን፤ ልብስ ሰፊው ድርሻውን ያገኛል። ቤት ላይ ስንደርስ ግን አንድ ብሎኬት ከመሬት ያላነሣው ሰውዬ ደረቱን ነፍቶ «ቤት ሠራሁ» ይላል፣ የሚያርመውም የለም። ግንበኛው፣ አናጢው፣ ቀን ሠራተኛው ሁሉ ከግሱ ተባረው ይወጣሉ።

አሜሪካ የመጣሁ ሰሞን ያስደነገጠኝ ሰዎቹ «ሠራሁ» ሲሉ የእውነት ሠርተው መሆኑ ነው። ጎረቤታችን ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ዕድሜው ከሰባ አልፏል። አንድ ቅዳሜ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሲመታ አየሁትና «ምነው፣ ሠራተኛ ጠፋ?» ልለው ስል እንግሊዝኛው ቶሎ አልመጣልኝም፤ ያ አዳነኝ። ከዚያ ወዲህ መኪናዬን ወደ ማጠቢያ ስወስድ እንኳ በእሱ ደጅ በኩል አላልፍም።

ቤታችን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የተሠራው በ1951 ነው። (በዚህ ወግ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ባኞውም ፈረንጅ ነው።) ባኞው ከቤቱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው፤ ቤቱን ስንገዛ ስድሳ ምናምን ዓመቱ ነበር። ከቧንቧው ሥር ዝገት እንደ እንባ የወረደበት መስመር አለ። ጠርዙ ሁለት ቦታ ተፈንክቶ ጥቁሩ ብረት ይታያል። ወለሉ ደግሞ እንደተቃጠለ ቆዳ ይላጣል፤ ከእኛ በፊት የነበረው ባለቤት «ላድሰው» ብሎ አንዳች ቀለም ቀብቶት እንደነበር ያወቅሁት ኋላ ነው። እኛ መፍትሔ ብለን ያደረግነው መጋረጃ መዝጋት ነበር።

መጋረጃው ለስድስት ዓመት ጠቅሞናል። ባለፈው ዓመት የመድኃኔዓለም ማኅበር ተራው የእኛ ሆነና ቤቱ በሰው ሞላ። ጠላው ተጠጣ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ሁሉም ደህና ሄዶ ሳለ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ከባኞ ቤት ወጣ። «አማርኛ ተናገር» ሲሉት አፉን የሚለጉም ልጅ ነው። ያን ቀን ግን ጥርት ባለ አማርኛ፣ ሳሎኑ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «እማዬ፣ እዚህ ቤት ባኞው ታሟል» አለ።

ሰው ሁሉ እንደ ለቅሶ ቤት አጽናናን። «ኧረ ምንም አይልም።» «የድሮ ዕቃ እኮ ጠንካራ ነው።» «የእኛም ቤት እንዲሁ ነበር፣ ቀየርነው እንጂ።» ይቺ የመጨረሻዋ የባለቤቴን ልብ ወጋች። ማታ ሳህን እያጠበች «እናሳድሰው» አለች። እኔም ከማድረቂያ ጨርቄ ቀና ብዬ «ላድሰው» አልኩ። እንዲህ ተጀመረ።

ሕመምተኛውን መጀመሪያ መመርመር ይገባል። ባኞ ከምን እንደተሠራ የሚታወቀው በማግኔት ነው። ከፍሪጁ ላይ የላሊበላን ሥዕል የያዘችውን አንሥቼ ለጠፍኳት፤ ጥብቅ አለች። ፋይበርግላስ ቢሆን ኖሮ ትወድቅ ነበር። ቀጥሎ በጣት ማንኳኳት ነው፤ እንደ ቆርቆሮ ከጮኸ ስስ ላሜራ ነው፤ የእኛ «ድም» ብሎ ዝም አለ። ተቀልጦ የፈሰሰ ብረት ነው ማለት ነው፤ ወደ 140 ኪሎ ይመዝናል። እንዲህ ያለውን ባኞ ማውጣት የፈለጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት እዚያው በመዶሻ ሰባብሮ በቁራጭ በቁራጩ መሸከም ነው። ከዚያ የግድግዳው ሸክላ ይነሣል፣ ከሸክላው በስተኋላ ምን እንዳለ እግዜር ይወቅ። መቀየር የሚለው ሐሳብ በዚሁ ሞተ።

ነጩ ነገር ቀለም ይመስላል እንጂ ብርጭቆ ነው። ብረቱ ፍም እስኪመስል ይግላል፤ የብርጭቆ ዱቄት በወንፊት ይነፋበታል፤ ዱቄቱ ቀልጦ ከብረቱ ጋር ይጋባል። አገር ቤት ያቺን ጠርዟ ሰማያዊ የሆነች ነጭ የብረት ኩባያ የማያውቅ የለም። ስትወድቅ ትፈነከታለች፣ ጥቁር ጠባሳ ይወጣባታል፣ ግን ሻይ መያዟን አትተውም። የእኛ ባኞ የእሷ ታላቅ ወንድም ነው።

የዘሩ ታሪክም አለው። በ1883 ዊስኮንሲን ውስጥ ጆን ማይክል ኮህለር የሚባል ሰው ለከብት የሚሸጠውን የብረት ገንዳ ወስዶ ይህንኑ ብርጭቆ አለበሰውና አራት እግር ቀጥሎ ባኞ አደረገው። ኩባንያው ራሱ እንደሚተርከው ያን ባኞ ለአንድ ገበሬ የሸጠው በአንድ ላምና በ14 ዶሮ ነው። ባለቤቴ ይህን ስነግራት በፋሲካ ዋዜማ የአዲስ አበባ ዋጋ አሰላችውና «የእኛ ማሳደሻ ርካሽ ነው» አለች። በዚያው ዘመን ዲትሮይት ውስጥ ዴቪድ ቡዊክ የሚባል ሰው ብርጭቆውን ከብረቱ ጋር የሚያጣብቅ ዘዴ አግኝቶ ብዙ ተጠቀመበት፤ ኋላ ሥራውን ሸጦ መኪና ሠሪ ሆነ። ሰዉ ለምን ባኞን ትቶ ወደ መኪና እንደገባ ይገረማል። እኔ አይገርመኝም፤ ጭቅጭቁ ሲበዛ እኔም መኪናዬ ውስጥ ነበር የምቀመጠው።

የታሪኩ ጥቅም ግን አንድ ነገር ማስረዳቱ ነው። የአሁኑ «ማደሻ» ዳግመኛ እሳት አይገባም። በሁለት ቆርቆሮ የሚመጣ፣ አንዱን ከአንዱ ሲቀላቅሉት የሚደነድን ቀለም ነው። ጥሩ ተደርጎ ከተቀባ ለዓመታት ያገለግላል፤ እንደ መጀመሪያው ግን ስድሳ ዓመት አይኖርም። እኔ ብቀባውም ባለሙያ ቢቀባውም ቀለም ቀለም ነው። ይህን ለባለቤቴ እንደ ማስረጃ አቀረብኩላት። እሷ ደግሞ የእኔን ማስረጃ አቀረበች፤ ሳሎን ያለውን መደርደሪያ፣ ቀጥሎም እኔ «ከጠገንኩት» ወዲህ ከውጭ ብቻ የሚከፈተውን የምድር ቤት በር።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዕድሜው ሙሉ መዶሻ ሲያነሣ አላየሁትም። የቤት ጥገና ማለት ለእሱ ወንበር ይዞ መውጣት ነበር። ባለሙያው ይጠራል፣ አባቴ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ጋዜጣውን ይዘረጋል፣ ከጋዜጣው በላይ እያየ «እዚያ ጋ ድገመው» ይላል። የዋጋ ክርክሩ ከሥራው ይረዝማል። ባለሙያውም የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ዕቃውን ሳያወርድ ራሱን ይነቀንቅና «ይኼን ማነው የሠራው?» ይላል። ባለፈው ዓመት ራሱ የሠራውን ረስቶ እንዲህ ያለን የቧንቧ ሠራተኛ አስታውሳለሁ። አባቴ መልስ አልሰጠውም፤ ከሒሳቡ ቀነሰበት እንጂ።

የአባቴ ቤትም ባኞ ነበረው። ሰው ግን ገብቶበት አያውቅም፤ የሚገባበት ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሌሊት ቧንቧው ማንቋረር ሲጀምር እማዬ ትነሣና ባኞውን ትሞላለች፤ ጀሪካኑና ባልዲው ከዚያ በኋላ ይሰለፋል። እኛ ልጆቹ የምንታጠበው ከባኞው አጠገብ ሳፋ ውስጥ ቆመን፣ ከባኞው በጆግ እየተቀዳልን ነበር። የመጀመሪያውን ሰው ባኞ ውስጥ ተጋድሞ ያየሁት በፊልም ነው፤ «የመጠጥ ውሃችን ውስጥ ምን ያደርጋል?» ብዬ ደነገጥኩ።

ይህን ያመጣሁት እማዬ በግንቦት ልትጠይቀን ስለመጣች ነው። በመጣች በሁለተኛው ሌሊት ውሃ ሲንሿሿ ሰምቼ ብነሣ ባኞውን እየሞላች ነው።

«እማዬ፣ እዚህ እኮ ውሃ አይሄድም።»

«እዚያም አይሄድም ይሉን ነበር» አለችኝ፣ ቧንቧውን ሳትዘጋ።

ወደ ጭቅጭቁ ልመለስ። በማሳደስና በማደስ መካከል ሦስተኛ መንገድ እንዳለ የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ እሱም ዘመድ ነው። የአክስቴ ልጅ ኡበር ይነዳል፤ እጁ የማይገባበት ነገር የለም። «ባለሙያ? አብደሃል? እኔ እያለሁ?» አለ። ሦስት ቅዳሜ መጣ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ባኞውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ክትፎ በላን። በሁለተኛው የተላጠውን በጥፍሩ ሞከረው፣ ኳስ አየን። በሦስተኛው አንድ ወዳጁን ይዞ መጣ፣ ወዳጁም ራሱን ነቀነቀ። የነፃው ሥራ በክትፎና በቢራ ብቻ 160 ዶላር ሲደርስ ባለቤቴ በጣም በትሕትና አስቆመችው።

እኔም ቆርጬ ተነሣሁ። ሆም ዲፖ ሄጄ 80 ዶላር የማይሞላ የማደሻ ፓኬት ገዛሁ። ከዚያ መሙያው፣ የብርጭቆ ወረቀቱ፣ ጭስ የሚያጣራው ማስክ፣ ማራገቢያው፣ ሲሊኮኑ፣ ለሲሊኮኑ መፋቂያው መጣ። የረሳሁትን ለማምጣት ተመለስኩ፣ ያመጣሁት ልኩ ስላልሆነ እንደገና ተመለስኩ። ሒሳቡ 210 ደረሰ፤ ባኞው ገና አልተነካም።

ይህን ሥራ የሚያውቁ ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፤ መቀባቱ ቀላል ነው፣ ጉዱ ያለው ዝግጅቱ ላይ ነው። ከሲሊኮን፣ ከሳሙና ቅባት፣ ከአሮጌ ቀለም አንዲት ቅንጣት ብትቀር አዲሱ ቀለም እዚያች ቦታ ላይ አይይዝም፤ በስድስት ወሩ ይነሣል። እማዬ ወገቧን ይዛ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «ምጣድ ማሟሸት ነው በለኛ» አለች። አዎ ብያት ነበር፤ ኋላ ሳስበው ግን ግልባጩ ነው። ምጣድ በጎመን ዘር የሚታሸው እንጀራው እንዳይጣበቅ ነው፤ ባኞ የሚፋቀው ቀለሙ እንዲጣበቅ ነው። እኔ በአንድ ቀን ፍቄ የጨረስኩት የአንድ ክንድ ያህል ቦታ ነበር። እሱም ጠርዙ ላይ።

ያን ጊዜ ምድር ቤት ያለው ቆርቆሮ ትዝ አለኝ። የቀድሞው ባለቤት ትቶት የሄደ ቀለም መላጫ ነው፤ ግማሹ አለ። ይህን ባፈስበትስ? ሌሊት ቁጭ ብዬ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሜቲሊን ክሎራይድ የሚል ስም ፈለግሁ። እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2012 ባወጣው ሪፖርት ከ2000 እስከ 2011 ድረስ 13 ባኞ አዳሾች በዚህ መላጫ መሞታቸውን ጽፏል። እንደ እኔ ያሉ ሞካሪዎች አይደሉም፤ እንጀራቸው ይኸው ነበር። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይወጣም፤ ባኞው ውስጥ እንደ ውሃ ይተኛል። ሠራተኛው ሊፍቅ ጎንበስ ሲል ፊቱን የሚነክረው በማይታየው ውሃ ውስጥ ነው። ጠባብ ባኞ ቤት፣ የተዘጋ በር፣ ብቻውን። መንግሥት መላጫውን በ2019 ከተራ ገዢ እጅ አወጣው፤ በ2024 ደግሞ ከጥቂት ሥራዎች በቀር በሙሉ ከለከለው። የእኔ ቆርቆሮ ግን ከዚያ በፊት የተገዛ ነበር፤ ክልከላው ምድር ቤት አልወረደም። በአሮጌ ባኞ ልባስ ውስጥ እርሳስ ሊኖር እንደሚችልና ሲፋቅ አቧራው ለልጆች መርዝ እንደሆነም ያነበብኩት በዚያው ሌሊት ነው። መፈተሻዋን የገዛሁት መፋቅ ከጀመርኩ በኋላ ነበር። ለደግነቱ ንጹሕ ነው አለችኝ።

በማግሥቱ ቆርቆሮውን የካውንቲው አደገኛ ቆሻሻ የሚቀበልበት ቦታ ወስጄ አስረከብኩ። ቤት ስመለስ ባለቤቴ ምንም አላለችኝም። ስልኩን ብቻ አቀበለችኝ።

ሦስት ባለሙያ ጠየቅን። አንደኛው ግድግዳውን ጨምሮ 800 አለ፤ ግድግዳ ማን ጠየቀው? ሁለተኛው ባኞውን ሳያይ በስልክ 300 አለ፤ ሳያይ የፈረደ ዳኛ አስፈራኝና ተውኩት። ሦስተኛው መጣ፣ ከኪሱ ማግኔት አወጣ፣ ለጠፈ፣ አንኳኳ። ልቤ ወደደው። ከኤል ሳልቫዶር የመጣ፣ ሃያ ዓመት ይህንኑ የሠራ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ እኔ የፋቅሁትን ቦታ አየና ራሱን ነቅንቆ «ይኼን ማነው የነካው?» አለ። በእንግሊዝኛ ነው ያለው፤ ዜማው ግን የሰፈራችን የቧንቧ ሠራተኛ ነው።

«የቀድሞው ባለቤት» አልኩት። በስድስት ዓመት ውስጥ ያ ሰውዬ በዚህ ቤት ያልተሸከመው ኃጢአት የለም።

525 አለ። የአባቴ ልጅ ነኝና «ትንሽ አስተያየት አድርግ እንጂ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሞከርኩት፤ «ምን አስተያየት ልስጥህ?» ብሎ ስለ ባኞው ያለውን አስተያየት በሰፊው ሰጠኝ።

በቀጠሮው ቀን ወንበር ይዤ ገባሁ። ሰውየው አየኝና ወደ ውጭ አመለከተኝ፤ ሥራው ሲሠራ ቤት ውስጥ ሰው መኖር የለበትም። እሱ አየር ከውጭ በቱቦ የሚመጣለት ማስክ አጥልቋል፣ ማራገቢያው በመስኮት በኩል ትነቱን ይጎትታል። ወንበሬን ይዤ ወጣሁና ግቢ ውስጥ ከእማዬ ጋር ተቀመጥኩ። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል አየን፤ እጄን አውለበለብኩለት፣ ምን እንደማደርግ አልጠየቀኝም።

ከአምስት ሰዓት በኋላ ጠራን። ባኞው እንደ ጥምቀት ነጠላ ሆኖ ነበር። ሰውየው ሕጉን ነገረን፤ በረኪና አይንካው፣ ሻካራ ዱቄት አይንካው፣ የሚጣበቅ የላስቲክ ምንጣፍ አይደረግበት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለ48 ሰዓት ውሃ አይንካው። ይህን ለእማዬ ለብቻዋ፣ ሁለት ጊዜ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ ተረጎምኩላት። «ገብቶኛል፣ ሕፃን አይደለሁም» አለች። ለመታጠብ የአክስቴ ልጅ ቤት ሄድን።

ጠዋት ባኞ ቤቱን ስከፍት ባኞው ውስጥ ሦስት ባልዲ ተደርድሯል። አፍ እስከ ገደፉ ውሃ የሞሉ ናቸው፣ በሳህን ተከድነዋል።

«እማዬ!»

«ምን?» አለች ከኋላዬ። «ውሃ አይንካው አልከኝ። አንዲት ጠብታ አልነካውም።»

እውነቷን ነው። አንዲት ጠብታ አልነካውም። ባልዲዎቹን ሳነሣ ግን ሦስት ክብ ቀርቷል፤ ቀለሙ ገና ልቡ አልጠናም ነበር። ሰውየውን ጠራሁት። መጣ፣ ጎንበስ አለ፣ ራሱን ነቀነቀና ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። አሁን የቀድሞውን ባለቤት ማምጣት አይቻልም። «እናቴ» አልኩት። ባርኔጣውን አወለቀ። ሁለቱን ክቦች አሽቶ አጠፋቸው፣ ሦስተኛው ጠልቋል፣ ሒሳብም አልጠየቀኝም።

እማዬ በመስከረም ተመለሰች። ክቡ ዛሬም አለ፤ ሻወር ስወስድ ቀኝ እግሬ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ባለፈው ወር የማኅበሩ ሰዎች መጥተው ነበር፤ ያ ልጅም ባኞ ቤት ገብቶ ወጣና ምንም ሳይናገር ወደ ጨዋታው ሄደ። እናትየው ግን ተከትላ ገብታ ኖሯል፤ «ውይ፣ ባኞው እንዴት አምሯል!» ብላ መጣች። እኔም ጠላዬን አስቀምጬ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ «አደስኩት» አልኩ።

ባለቤቴ ከማድ ቤት «ሳ!» አለች።